ባድማ ይታረሳልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል በገሳይ አካባቢ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ባለ አንድ አጥቢያ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተቀምጠን ሳለ አንድ ገበሬ ቀርቦ መስቀል ተሳለመና እንዲህ ሲል ጠየቀን። «አባቶቼ፣ ከተራራው ጥግ ያለችኝን ቁራጭ መሬት ሳርስ ማረሻዬ ድንጋይ መታ። ላወጣው ብቆፍር በክብ የተደረደረ የቤት መሠረት ሆኖ አገኘሁት። ካጠገቡም አመድና የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ ወጣ። የማን ቤት እንደ ነበረ የሚያውቅ ሽማግሌ አጣሁ። አምስት ልጆች አሉኝ፤ ሌላ መሬት የለኝም። ባርሰው ኀጢአት ይሆንብኝ ይሆን?»

እኛ አፋችንን ሳንከፍት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ «ተወው፤ እግዚአብሔር ያጠፋውን ቤት አትንካ፤ ክፋታቸው ባይበዛ ዘራቸው እንዲህ አይጠፋም ነበር» አለው። ሌላውም፣ «ሙት አይበላ፣ አይጠጣ፤ መሬት መሬት ነው፤ እረስና ልጆችህን አብላ» አለው። ሁለቱም ያሉት በቅን ልብ እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን የፊተኛው በሙታን ላይ ፈረደባቸው፤ የኋለኛውም ጨርሶ ረሳቸው። ስለዚህ በዚያ ቀን ፈጥነን መልስ መስጠቱን አልወደድንም። እስከሚመጣው እሑድ ቀን ተቀበልንና ነገሩን ከመጽሐፍም ከአገራችንም ታሪክ መረመርነው። ያገኘነውንም ለሌሎች አጥቢያዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ከዚህ በታች ጽፈነዋል።

1. ባድማ ምንድር ነው?

ባድማ የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ወገን አለው። በአንድ ወገን ሰው የለቀቀው፣ ቤቱ የፈረሰ፣ ምድጃው የጠፋ ስፍራ ማለት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ሰው «ባድማዬ» ሲል ያባቶቹን መኖሪያ፣ ርስቱን ማለቱ ነው። የቀደሙት ሰዎች ፍርስራሹንና ያባት አገርን በአንድ ስም የጠሩት ቃል አጥሯቸው አይመስለንም። ርስት ማለት ከኛ በፊት ሌሎች ኖረውበት ያለፉበት ስፍራ ነውና፣ ባድማ ያልነበረ ርስት፣ ባድማም የማይሆን ርስት በምድር ላይ አይገኝም።

ባድማን ለማወቅ ትልቅ ግንብ መፈለግ አያሻም። ለሚያስተውል ሰው ምልክቱ ብዙ ነው። በለምለሙ መስክ መካከል ሳማ ብቻውን ተሰብስቦ የበቀለበት ስፍራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ከብት ያደረበት፣ ፍግ የተከማቸበት በረት ነው። በተዳፋቱ ላይ ያለ ምክንያት የተደለደለ ክብ ሜዳ ቢገኝ በሬዎች ሲዞሩበት የኖረ ዐውድማ ሊሆን ይችላል። ወዴትም የማያደርስ የጎደጎደ መንገድ የሰውና የከብት እግር ለብዙ ዘመን የቦረቦረው ነው። ጎርበጥ ያለ አፈር ደግሞ የወደቀ ግድግዳ ነው። ይህም ሁሉ በቀትር ፀሐይ አይታይም፤ በማለዳና በሠርክ፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ ጥላው ሲረዝም ግን እያንዳንዱ ጉብታ ከነቅርጹ ይለያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው ገብሱ ነው። አመድና ፍግ የጠጣ አፈር ጥልቅና ወዛም ስለ ሆነ እርጥበት ይይዛል፤ በዚያ ላይ የበቀለው ገብስ ከባልንጀራው ይልቅ ይረዝማል፤ ቀለሙም ይጠቁራል። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ያለበት ገብስ ግን አፈሩ ስስ ነውና ቀድሞ ይቀጭጫል፤ ቀድሞም ቢጫ ይሆናል። እንግዲህ በመስከረም ከኮረብታ ላይ ሆኖ ቍልቍል የሚመለከት ሰው የጠፋውን ቤት ክብ በገብሱ ላይ ተሥሎ ሊያየው ይችላል። ዳዊት በ102ኛው መዝሙር ሰውን በሜዳ አበባ መስሎ፣ ነፋስ ካለፈበት በኋላ ስፍራው መልሶ እንደማያውቀው ይነግረናል። እውነት ነው፤ ምድር የሰውየውን ስም አታውቅም። ነገር ግን እርሱን ባታውቀውም እንኳ የደከመበትን እጁን ሥራ ይዛ መቆየቷን ገብሱ ያሳየናል።

2. መንደር የሚጠፋው ስለ ምን ነው?

የደብረ ታቦርና የጋይንት ደጋ ብዙ መከራ ያለፈበት አገር ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በግራኝ ዘመን በቤጌምድር አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ሕዝቡም ተሰዷል። በራስ ጉግሣ ዘመን የተቆረቆረችው ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ከሆነች በኋላ፣ ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ በእሳት አቃጥለዋት ሄዱ። በአቅራቢያዋ ያለችው ጋፋት በ1859 ዓ.ም. ሴቫስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት፣ የብረት ማቅለጫ እሳት ሌሊትና ቀን የነደደባት ስፍራ ነበረች፤ ንጉሡ ሲነሡ ሥራዋ ቀረ። ደብረ ታቦር ግን ከአመድዋ ተነሥታ እስከ ዛሬ ከተማ ናት። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ሠራዊት ከትሞ የሚያድርበት ሰፈር ማለት ነበርና፣ የሰፈረ ሁሉ እንደሚነሣ ከስሙ እንማራለን።

ከጦርነትም ሌላ በ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የቆየው፣ ሕዝባችን «ክፉ ቀን» ብሎ የሚጠራው ዘመን አለ። በሽታ ከብቱን ጨረሰው፤ በሬ ስለ ጠፋ የሚታረስ ጠፋ፤ ከዚያም ረኃቡና ወረርሽኙ ሰዉን ፈጀው። በዚያው ዓመት ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሏት። ጭራሹን ያልጠፉትም መንደሮች አነሡ፤ አርባ ጢስ ይታይበት የነበረው ሰፈር አምስት ጢስ የቀረበት ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚህም በኋላ አንዳንዱ መንደር ያለ አንዳች መቅሠፍት በቀስታ ያንሳል። አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሲወርድ፣ ምንጩ ሲደርቅ፣ መኪና የሚሄድበት ጎዳና በታች ሲወጣ፣ ሰዉ ቤቱን እየነቀለ ወደ መንገዱ ዳር ይወርዳል። ባድማው በላይ ይቀራል፤ አዲሱ መንደር በታች ይቆማል።

ይህ በኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በመካከለኛው ዘመን የነበሩ፣ ኋላ ግን የጠፉ ወደ 3,000 የሚሆኑ መንደሮች ፍለጋቸው በሣር ሥር ይታወቃል፤ ጭራሹን ሳይጠፉ ጥቂት ቤቶች ብቻ የቀሩባቸውም ብዙ ናቸው። ከነዚህም አንዱ በዮርክሻየር ያለው ዋረም ፐርሲ ነው። ዛሬ በዚያ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ብቻ በመስክ መካከል ቆሞ ይታያል፤ በዙሪያው የቤቶቹ መደብና የመንገዱ ጎድጓዳ በሣሩ ላይ ጉብ ስርጉድ ብሎ ይለያል። ሊቃውንት ከ1950 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በየበጋው ስፍራውን በጥንቃቄ ሲቆፍሩ ኖሩ። እንዲህ ያሉት መንደሮች በ1348 እና በ1349 እ.ኤ.አ. በወረደው ታላቅ ወረርሽኝ አንድ ጊዜ አለቁ የሚል ወሬ በሕዝብ ዘንድ የቆየ ነበር። በዋረም ፐርሲ የታየው ግን ሌላ ነው። ከወረርሽኙ በኋላ ሰዎች 150 ዓመት ያህል ኖረውበታል፤ በመጨረሻም በ1500 እ.ኤ.አ. ገደማ የቀሩትን ጥቂት ቤተ ሰቦች ያስለቀቃቸው፣ ከሰው እርሻ የበግ ሱፍ የበለጠ ትርፍ ይሰጣል ብሎ ያሰበ የባለ መሬት ፈቃድ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ5ኛው ምዕራፍ ለድኃ ስፍራ እስኪጠፋ ድረስ ቤትን ከቤት፣ እርሻን ከእርሻ ስለሚያያይዙ ሰዎች ወዮታ የተናገረው እንዲህ ስላለው ሥራ ነው።

3. የፈረሰ ሁሉ የተፈረደበት ነውን?

አሁን ወደ ፊተኛው ሽማግሌ ቃል እንመለስ። እርሳቸው የቤቱን መፍረስ አይተው የባለቤቱን ኀጢአት አወቅሁ አሉ። ጌታችን ግን በሉቃስ ወንጌል 13ኛው ምዕራፍ ይህን አሳብ ከሥሩ ነቅሎታል። በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው የሞቱት 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናገረ፤ ነገሩንም ከሙታኑ ወደ ሰሚዎቹ መልሶ፣ ንስሐ ካልገቡ እነርሱም እንደሚጠፉ አስጠነቀቀ። የፈረሰ ግንብ ያየ ሰው ሊመረምር የሚገባው የገዛ ራሱን እንጂ የተቀበሩበትን ሰዎች አይደለም ማለት ነው።

ነቢያት ስለ ከተሞች ጥፋት የተናገሩት እንዴት ነው? የሚል ቢኖር፣ ነቢያት ከእግዚአብሔር ተልከው ተናገሩ፤ ተናግረውም አለቀሱ እንለዋለን። ኤርምያስ የኢየሩሳሌምን መፍረስ አስቀድሞ ተናገረ፤ በፈረሰች ጊዜ ግን ሙሾዋን ያወጣ እርሱ ነው እንጂ «ብያችሁ ነበር» ብሎ አልተደሰተባትም። ሳይላክ የሚፈርድ፣ ፈርዶም የማያለቅስ ሰው የነቢይን ቃል ቢወስድም የነቢይ ልብ የለውም።

ደግሞም በመንደር መጥፋት ውስጥ ኀጢአት የለበትም አንልም፤ አለበት፤ ነገር ግን የማን ኀጢአት ነው? ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬና ያቃጠለው ወታደር አንድ አይደሉም። ከመሬቱ የተነቀለው ድኃና በግ ያሰማራበት ጌታ አንድ አይደሉም። ፍርስራሹን አይቶ በተበደለው ላይ የሚፈርድ ሰው ሳያውቀው ከበዳዩ ጋር ይተባበራል፤ ያ ሰውን አጠፋው፣ ይህ ስሙን ያጠፋዋልና።

4. ርስትና መታሰቢያ

አሁን ደግሞ መርሳትን እንመልከት። በቀድሞው ዘመን በቤጌምድር ባድማ በቀላሉ የሚረሳ ነገር አልነበረም። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት በሚቈጠር ትውልድ ስለ ነበረ፣ ርስት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን ቈጥሮ «የአያቴ አያት ቤት በዚህ ነበረ፤ ዐውድማውም ያ ነው» ብሎ ባድማውን በእጁ ያሳይ ነበር። ሽማግሌዎችም እስከ ሰባት ቤት ቈጥረው ይመሰክሩ ነበር። ስለዚህ የድንጋይ ክምሩ ሁሉ ስም ነበረው። ይህን ስንናገር የዚያን ዘመን ክርክር ለማመስገን አይደለም፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር በአንድ ጥማድ መሬት ዕድሜውን በሙግት የጨረሰበት ጊዜ እንደ ነበረ እናውቃለን።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬቱ እንደ ገና ተደለደለ። ዛሬ ገበሬው የሚያሳየው የይዞታ ደብተሩን እንጂ ያያቱን ዐውድማ አይደለም። ከዚህም የተነሣ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የብዙ ባድማ ስም ጠፋ። አያት ያውቅ የነበረውን የልጅ ልጅ አያውቀውም። ይህም ከባድ ጥያቄ ያመጣብናል። አባቶቻችንን ስናስብ የኖርነው እነርሱን ወደን ነውን ወይስ መሬታቸውን ወደን? መሬቱ ሲቀር መታሰቢያውም አብሮ ከቀረ፣ ፍቅራችን ለማን እንደ ነበረ ያስታውቃል።

ነገር ግን በዚህ ውስጥ አንድ በጎ ነገር እናያለን። ዛሬ ባድማን የሚያስታውስ ሰው በማስታወሱ አንድ ስንዝር መሬት አያገኝም። እንግዲህ መታሰቢያው ትርፍ የሌለበት ንጹሕ መታሰቢያ ሊሆን ተችሏል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል 14ኛው ምዕራፍ ግብዣን ብድር ሊመልሱ ለማይችሉ ድኆች እንድናደርግ አስተምሮናል። ብድር ከማይመልሱት ሁሉ ይልቅ ድኃ የሆነ ደግሞ ስሙን የሚጠራለት ልጅ ያጣ ሙት ነው። ጦቢት የወገኖቹን ሬሳ በገበያ ተጥሎ እንዳለ በሰማ ጊዜ ምሳውን ትቶ የቀበረው ከሟቹ ምን ሊያገኝ ነው? ምንም። እግዚአብሔር ግን ያንን ሥራውን አሰበለት።

5. የሙታን ክብርና የሕያዋን እንጀራ

እንግዲህ የገበሬው አምስት ልጆች ይራቡን? አይራቡም። የሙታንን ክብርና የሕያዋንን እንጀራ እርስ በርስ ማጣላት አይገባም። ለዚህም ምስክር የሚሆነን ነህምያ ነው። ያባቶቹ መቃብር ያለባት ከተማ ፈርሳ እንደ ቀረች በሰማ ጊዜ አዘነ፤ ከንጉሡም ዘንድ ተሰናብቶ ሄደና ለማንም ሳይናገር በሌሊት ዞሮ ፍርስራሹን መረመረ። ከዚያ በኋላ ቅጥሩን ሠራ። በ5ኛው ምዕራፍ ደግሞ ድኆች በረኃብ ምክንያት እርሻቸውን በእህል አስይዘው ሲጮኹ ሰማ፤ ሀብታሞቹንም ገሥጾ እርሻውን አስመለሰላቸው። ያባቶችን ፍርስራሽ ያከበረውና የድኆችን እርሻ ያስመለሰው አንድ ሰው ነው። ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ የጥንቱ ፍርስራሽ መልሶ እንደሚሠራ ተስፋ የሰጠው እንጀራውን ለተራበ ለሚያካፍል ሕዝብ ነው።

ከዚህ ተነሥተን የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ/ ቤተ መቅደስ የነበረበት ስፍራና መቃብር አይታረስም። ምንም የመቃብሩ ባለቤት ባይታወቅ፣ የትንሣኤን ቀን የሚጠብቅ ሥጋ ያረፈበት ነው። አብርሃም በእንግድነት ሲኖር የመቃብር ስፍራ በ400 ሰቅል ብር መግዛቱን ማሰብ ይገባል። በደቡብ ጎንደር ከአንድ ሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት በደናቸው ተከበው ቆመዋል። ከአየር ሲታዩ በታረሰው ምድር መካከል እንደ አረንጓዴ ደሴት ናቸው። ያ ደን እስከ ዛሬ የቆየው አባቶች የተራቡበትም ቀን ሳይቀር ድንበሩን ስላልገፉት ነው።

ለ/ የቤት መሠረት፣ በረትና ዐውድማ ግን ይታረሳል። በዚያ የኖሩትም ሰዎች ልጆቻቸውን ለማብላት ያንኑ ምድር አርሰዋልና፣ እነርሱ በጀመሩት ሥራ ሌላው ቢቀጥል አይበደሉም። ነገር ግን ከማረሱ በፊት ለአጥቢያው ካህን ይንገር፤ ጸሎትም ይደረስበት። ዐፅም ቢወጣ ማረሻው ይቁም፤ ዐፅሙም በክብር ተሰብስቦ በጸሎት ይቀበር።

ሐ/ ድንጋዩ ለእርከን ወይም ለቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቢውል ነውር የለበትም። ጽሕፈት ወይም መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ፣ የቆየ ንዋይ ወይም ሸክላ ቢገኝ ግን ለሰበካ ጉባኤውና ቅርስ ለሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ይነገር እንጂ ለነጋዴ አይሸጥ። ባሕር ዛፍም በባድማ ላይ ባይተከል እንመርጣለን። ማረሻ የላዩን አፈር ብቻ ይገለብጣል፤ የባሕር ዛፍ ሥር ግን ወደ ታች ወርዶ ያለውን ሁሉ ይበጣጥሳል።

መ/ ከዚያ መሬት ከሚገኘው ከመጀመሪያው እህል ጥቂት ተለይቶ፣ በዚያ ቤት ስለ ኖሩት ሰዎች መታሰቢያ ለድኆች ይሰጥ። ይህ ግብር አይደለም፤ ያረሰው ሰው ብቻውን እንዳልዘራ የሚያስብበት ነው።

6. ዛሬ የሚጀምረው ባድማ

ይህን ሁሉ ስለ ጥንቱ ባድማ ከተናገርን በኋላ በፊታችን ስላለው ዝም ብንል ግብዞች እንሆናለን። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ብዙ ሰው ከቤቱ ተሰዷል። ወጣቶቹ አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ፣ አንዱ ወደ ከተማ፣ አንዷም ባሕር ተሻግራ ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል። በመሄዳቸው አንፈርድባቸውም፤ መሬቱ ጠቧቸዋል። ነገር ግን በየተራራው ጥግ አንዲት ባልቴት ብቻዋን እሳት የምታነድበት ቤት እየበዛ ነው። ባድማ የሚጀምረው ግድግዳው የወደቀ ቀን አይደለም። ደጁን የሚያንኳኳ ሰው የጠፋ ቀን ተጀምሯል። ካህኑ ለንስሐ ልጁ ጠበል ይዞ ሳይሄድ፣ ማኅበረተኛው ጽዋውን ሳያደርስላት፣ ጎረቤት ጢሷ መውጣቱን ሳይመለከት ስንት ቀን አለፈ? የማናውቃቸውን ሙታን ስም አጣን ብለን ስናዝን፣ ስማቸውን የምናውቃቸውን ሕያዋን አንርሳ። ዛሬ የምትጠየቅ አንዲት ባልቴት ነገ ከሚቆፈሩ አሥር መሠረቶች ትበልጣለች።

በእሑዱ ቀን ገበሬው በመጣ ጊዜ ይህንኑ በአጭሩ ነገርነው። ፊቱ ተፈታ፤ ነገር ግን ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባቶቼ፣ ለመታሰቢያ የክርስትና ስም ያስፈልጋል፤ እኔ ማን ብዬ ላስጠራቸው?» አለን። ካደረገልን ጥያቄ ሁሉ ይህ በለጠብን። እኛም፣ «በቅዳሴያችን ካህኑ ላረፉት ሁሉ ዕረፍት ሲለምን በልብህ እነርሱንም አስባቸው፤ አንተ ያላወቅኸው ስማቸው በፈጣሪያቸው ዘንድ አልጠፋም» አልነው። እርሱም መስቀል ተሳልሞ ወደ ሥራው ሄደ።

እኛንም ምድራችንን አርሰን፣ ያባቶቻችንን ድንበር ጠብቀን፣ ከኛ በኋላ ለሚመጡት በረከት እንጂ ቂም የሌለበት ባድማ እንድንተው የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።